ወደ ኋላ ያልዞረው ሞተር

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ በሩ ላይ የቆማችሁትም ግቡና ተቀመጡ። የምነግራችሁ ነገር ደም አለበት፤ ሆዱ የማይችል ጆሮውን ይያዝ።

የከተማው ፍሳሽ በሚገፋበት ፓምፕ ቤት መካኒኩ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈርክሷል። ቀኝ ክንዱን ሞተሩን ከፓምፑ የሚያያይዘው መጋጠሚያ እስከ ትከሻው ጠምዝዞ ሰባብሮታል። ፖሊሶች የሚስቱን ወንድም፣ ከፍሳሹ ቆሻሻ የሚያስቀረውን ወንፊት ጠራጊውን፣ እየደበደቡ ወሰዱት። ሚስቲቱ ከቀብር መልስ ምርመራ ክፍል መጥታ ተንበረከከች።

«ባሌን ቀብሬያለሁ። ወንድሜን ከነነፍሱ አትቅበሩብኝ።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ትንሽ ናት፣ ግን ትወጋለች። ሴትዮዋን አንስታ አስቀመጠችና ፓምፕ ቤቱን አሳሽጋ ገባች። የፈረቃ አለቃው ተከተላት። አለቃው ከእረፍት የተመለሰው መካኒኩ በሞተበት ዕለት ጠዋት ነበር።

«በዓይኔ ነው ያየሁት» አላት። «ሞተሩ ቆሞ ነበር። መካኒኩ እጁን ሲያስገባ ያ ጅል ወንፊት ጠራጊ የኋሊት ቁልፉን ተጫነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን ጎተተና ጭንቅላቱን ከብረቱ አላተመው።»

«ለምንድነው ወደ ኋላ የሚዞረው?»

«ፓምፑ የዋጠውን ጨርቅ እንዲተፋ ነዋ። ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል።»

«አይጎዳውም?»

«ብረት ነው እትዬ፤ ምን ይሆናል ብለው ነው?»

እስር ቤት የሚስቲቱን ወንድም ከንፈሩ ተሰንጥቆ አገኘችው።

«ቁልፉን ነክተሃል የኔ ልጅ?»

«እላይ ወንፊቱን እየጠረግኩ ነበር። ደግሞ ያ ቁልፍ አይሠራም ብያቸዋለሁ፤ መልሱን በቡጢ ሰጡኝ።»

«ማን አበላሸው?»

«የእህቴ ባል ሽቦውን ነቀለው፣ አለቃው እረፍት እንደወጣ። ፍጥነቱን ቀንሰው ሳያቆሙት ሲገለብጡት ነው ሞተሩ የሚነድደው ይል ነበር። እንደዚያ ነድዶ አንድ ጓደኛችንን ገድሏል። ያስገለበጠው አለቃው ነው፤ የእህቴ ባል ሊመሰክርበት ነበር።»

መርፌ ተመልሳ መጋጠሚያውን አስፈታች። ከዚያ አለቃውን፣ የዕቃ ቤት ኃላፊዋን፣ ሚስቲቱንና በካቴና የታሰረውን ወንድሟን ሞተሩ ዙሪያ አቆመቻቸው። በእጇ ከመጋጠሚያው ብረቶች መካከል ያወጣችውን የጎማ ጥርስ ይዛለች።

«ይህ መቼ ተቀየረ?»

«አለቃው እረፍት በወጣ ማግስት ነው የሰጠሁት» አለች የዕቃ ቤቷ።

«ወዲያና ወዲህ የሚገለበጥ ሞተር ጎማውን በሁለቱም ጎን ይበላዋል። ይኸው እዩት፤ የተበላው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማው ከገባ ወዲህ ይህ ሞተር ወደ ኋላ ዞሮ አያውቅም። ደሙንም እዩት። ክንድ እንደዚያ ሲሰባበር ግድግዳው ደም ይለብስ ነበር። እዚህ የፈሰሰው ጥቂት ነው፤ ክንዱ ሲገባ ሰውዬው ሞቶ ነበር።»

ወደ አለቃው ዞረች።

«ቁልፉን ተጫነው። በዓይንህ ያየኸውን አሳየን።»

አለቃው ተጫነ። ዝም። ደግሞ ተጫነ። ዝም።

«እረፍት ላይ ስለነበርክ መነቀሉን አላወቅክም። እመሰክርብሃለሁ ሲልህ በመፍቻ ፈርክሰኸው፣ ክንዱን አስገብተህ ሞተሩን ወደፊት አስነሳህበት።»

አለቃው መፍቻ ነጥቆ ሰነዘረባት። ትከሻዋን ስቶ ብረቱን ሲመታ ፖሊሶቹ ጥርሱ እስኪረግፍ ሲሚንቶው ላይ ደፉት። ሚስቲቱ ዞራም አላየችው፤ ካቴናው የተፈታለትን ወንድሟን ፊቱን በነጠላዋ ትጠርግ ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ገዳዩን ብትረሱት አይከፋኝም። ሰው እንዳይነድድ ብሎ ያቺን ሽቦ የነቀለውን መካኒክ ግን፣ እባካችሁ፣ አስታውሱልኝ።