ወርዳ ቀረች

ቀጭ። ከዚያ ዝም። ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሠላማዊት ባለችበት ቆመች። ድምፁ የመጣው ከኒሙ ዛፍ ጀርባ፣ ከአሮጌው መካነ መቃብር ውስጥ ነው። በዚህ ጠራራ ፀሐይ ከፍየል በቀር ወደዚያ ዝር የሚል የለም፤ ፍየል ደግሞ መቀስ አትይዝም።

«ጅብ ነው» አለች ሙባረካ ከኋላዋ።

«ጅብ ፀጉር ያስተካክላል?»

«የመተማ ጅብ ምን የማይሠራው አለ!»

ሠላማዊት ሳቋን ዋጠችው። የመጡት አንድ ፎቶ ለማንሳት ነበር። ለትምህርት ቤቱ የታሪክ ክበብ ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት ጽሑፍ ከፎቶው በቀር አልቋል። በመቃብሩ መካከል ማንም ሳይንከባከባት ስለምታብበው አሮጌ ጽጌረዳ ነው የጻፉት። ነገ ጠዋት ቲቸር ይስማው ያትሙታል፤ ቅዳሜ ደግሞ ሁለቱ ጎንደር ለተማሪዎች ኤግዚቢሽን ይዘውት ይሄዳሉ። ሙባረካ በአሥራ አምስት ዓመቷ ከሸሕዲ አልፋ አታውቅም። ለጉዞው የሚሆን ጫማ ከገዛች ሳምንት ሆኗታል፤ ቤት ውስጥ እየተጫማች ትለማመዳለች።

ጽሑፉ ቀላል አልነበረም። ስለ ጽጌረዳዋ አንዱን ሲጠይቁ «ጣሊያን ነው የተከላት» ይላል፤ ሌላው «የሱዳን ነጋዴ ነው» ይላል። ሁሉም በእርግጠኝነት ያወራል፤ የሁሉም ወሬ ግን ለየቅል ነው። በመጨረሻ ጥርሳቸው ያለቀው የመቃብሩ ጠባቂ፣ አባባ ባየልኝ፣ ከአበባዋ ሥር ያለውን መቃብር በምርኩዛቸው ነካ አድርገው «ወርዳ ናት ልጄ፤ ወርዳ ቀረች» አሏቸው። ሠላማዊት «ወርዳ» ብላ ጻፈች። ሙባረካ ይህን ስታይ ዘለለች። «አንች! ወርዳ እኮ በዐረብኛ ጽጌረዳ ማለት ነው!»

የቀረው ራሱ ተጻፈ ማለት ይቻላል። ወርዳ የምትባል ሱዳናዊት፣ ስሟን የመሰለ አበባ ይዛ ድንበር ተሻገረች። ቲቸር ይስማው ሲያነቡት መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄማ ጎንደር ይሄዳል!»

ቀጭ።

ልጆቹ ኒሙን ዞረው ብቅ አሉ። ሰማያዊ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶችን መጠቅለያ ልብስ፣ የለበሱ አሮጊት ከጽጌረዳዋ ሥር ተቀምጠው ደረቁን ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ። አጠገባቸው ቢጫ ጀሪካን አለ። የያዙት የጨርቅ መቀስ ነው።

«ሐቦባ?» አለች ሙባረካ። የገዛ አያቷ ዘሀቢያ ናቸው። «የታመመ ልጠይቅ ብለው አልነበር የወጡት?»

«ጠየቅሁ» አሉ ዘሀቢያ ቀና ሳይሉ።

ሙባረካ ጀሪካኑን አየች። አያቷ ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን ለልጃቸው ትተው የታመመ ሊጠይቁ ይወጣሉ። ማን እንደሚታመም ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ሠላማዊት ደብተሯን ከፈተች። «እማማ ዘሀቢያ፣ ወርዳን ያውቋት ነበር?»

«ማንን?»

«ወርዳን። እዚህ የተቀበረችውን የሱዳን ሴት።»

አሮጊቷ አበባዋን አዩ፤ ልጅቷን አዩ። «ወርዳማ ይችው፣ አበባዋ። እዚህ የተኛችው ሰርኬ ናት፤ የዳባት ልጅ።»

«አባባ ባየልኝ ግን ወርዳ ቀረች ብለውናል።»

«እና ምኑን ዋሹ? ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርዳ ቀረች። ወጥታ አገሯ አልገባችም።»

ሠላማዊት ጆሮዋ ጋለ። ስም አልነበረም። ግስ ነበር። አራት ገጽ ሙሉ፣ አንዲት ሴት ከአንድ ግስ ሠርታለች!

«አበባዋን ሰርኬ ናት የተከለቻት?»

«አበባዋ ቀድማ ነበረች።»

«ታዲያ ማን ተከላት?»

«እኔ እንጃ። የሚያውቁት ሞተዋል።»

«ሰርኬ እዚህ ሥር ለምን ተቀበረች?»

«እዚህ ትሁን ያልኩ እኔ ነኝ» አሉና ዘሀቢያ ጀሪካኑን አዘንብለው ውኃ አፈሰሱ።

ሙባረካ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸመቻት፤ ወደ ኒሙ ጎትታ ወሰደቻት። «ስሚ ፍሬንድ፣ ምንም አልሰማንም። እሺ?»

«ሰማን እኮ።»

«ጎንደር ማን ያውቃል? ወርዳ ታምራለች፤ ስሟ ራሱ አበባ ነው። ይሄኛውን ምን ብለሽ ልትጽፊው ነው? ማን እንደተከላት አናውቅም፤ ለምን እዚህ እንደተቀበረች አናውቅም… ቲቸር እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይልካሉ? አቦ ጫማ ገዝቻለሁ!»

«ሰርኬስ?»

«ሰርኬ ምን?»

ሠላማዊት ምን እንደሆነ አላወቀችም። ወርዳን ትወዳት ነበር። አረማመዷን ሳይቀር ታውቀው ነበር፤ ማታ ዓይኗን ስትጨፍን በአትባራ ወንዝ ዳር ችግኝ ይዛ ስትሄድ ታያት ነበር። ሰርኬን ግን አታውቃትም። ፊት የላትም። ከዳባት የወረደች፣ ያልተመለሰች፣ በቃ። እንዴት ነው ያልነበረችው ሰው ከነበረችው የበለጠ የምትታወቀው?

ወደ መቃብሩ ተመለሰች፤ ከዘሀቢያ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ደብተሯ ላይ ካለው ጽሑፍ ርዕስ «ወርዳ» የሚለውን ሰረዘችው። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ቀደደው። ከላዩ ላይ «ሰርኬ» ብላ ጻፈች። ከጀርባዋ ሙባረካ «ወይኔ ጎንደር!» ስትል ሰማች፤ ግን አልዞረችም።

«እማማ ዘሀቢያ፣ አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ልጽፈው ነው። እርስዎ ለሰርኬ ምኗ ነበሩ?»

መቀሱ ቆመ።

ዘሀቢያ ደረቁን ቅርንጫፍ ሰብስበው እሾሁ እንዳይወጋ በአንድ በኩል ቆለሉት። መቀሱን በቶባቸው ጫፍ ቋጠሩ። አንድ እጃቸውን መቃብሩ ላይ ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ሙባረካ «ሐቦባ?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። አሮጊቷ ጉንጯን ዳሰስ አደረጓት።

ሠላማዊት እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንደያዘች ጠበቀች። ጥያቄውን ጽፋዋለች፤ ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው። እንዲሁ ባዶውን ነገ ለቲቸር ትሰጠዋለች።

ዘሀቢያ በአጥሩ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው ወጡ። ሰማያዊው ቶብ በመንገዱ ባጃጆች አቧራ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አንዴም አልዞሩም። ጀሪካኑን ግን፣ ግማሽ ውኃ እንዳለው፣ ረስተውት ይሁን ሳይረሱት፣ እዚያው ትተውት ሄዱ።