ስምንቱ ጠርሙሶች

የላቦራቶሪዋ በር ሲንኳኳ ቀና አላለችም። እናቷ ከሞቱ ወዲህ በር ሲንኳኳ መደንገጥም መጓጓትም ቀርቶባታል።

«ግባ» አለች በደረቁ።

ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማ ያደረገ ረጅም ወጣት ገባ። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ሠራተኞች «የፊላ ባል» የሚሉት አትክልተኛ ነው። የከተማው ፍሳሽ በጠጠር ላይ በተተከሉት ሸምበቆ መሰል ፊላዎች መሃል ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ሥሮቻቸው ይመጥጡታል። እሷ ደግሞ በየሳምንቱ ከመግቢያውና ከመውጫው አንድ አንድ ጠርሙስ ቀድታ ትመረምራለች። ውሃው ሳይጠራ ከወጣ፣ ታች ያለው ወንዝ አረንጓዴ ይለብስና ዓሣው ያልቃል።

ወጣቱ ስምንት ጠርሙሶች የያዘ ሣጥን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ምንድን ነው?»

«የአራት ሳምንት ናሙና። ያልቀዳሽው።»

ፊቷ አልተለወጠም። እውነቱን ነው። አራት ሳምንት ሙሉ ወደ ፊላው አልወረደችም፤ የቀድሞውን ቁጥር እየገለበጠች ጽፋለች። እግሯ እምቢ አላት፣ በቃ።

«ልታስፈራራኝ ነው የመጣኸው?»

«ለእሱማ ቢሆን የኃላፊውን በር አንኳኳ ነበር።»

«ታዲያ ማን ቅዳ አለህ? አሲድ ካልገባበት፣ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል!»

«ጠብ አድርጌበታለሁ። አንቺ ስታደርጊ... አይሽ ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ፍሪጅ ውስጥ ነው ያቆየሁት። ከምሳዬ ጎን።»

«ከምሳህ ጎን!»

«እስካሁን አልሞትኩም።»

አልሳቀችም። «ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም?»

«ሐዘን ላይ ነሽ። ሲሻልሽ ትመረምሪዋለሽ ብዬ ነበር። አሁን ግን ፊላው መታጨድ አለበት። ኃላፊውን ብለምናቸው፣ ‹ላቦራቶሪው ንጹሕ ነው ብሏል፤ አትንካው› አሉኝ።»

እሱ ሲሄድ ጠርሙሶቹን መረመረች። እሷ በየሳምንቱ የመውጫውን ናይትሮጅን «አራት» ብላ ጽፋለች። የመውጫው ጠርሙሶች ግን አራት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ስድስት አሉ። ያረጀው ፊላ ውሃው ላይ እየወደቀ፣ እየበሰበሰ፣ የመጠጠውን ሁሉ መልሶ እየተፋ ነው። እንዳይታጨድ ያደረገው የእሷ ውሸት ነው።

ብትደብቀው ማንም አያውቅባትም። እሱም አይናገርም፤ ይሄን እንዴት እንዳወቀች እንጃ። ወረቀቱን ይዛ ኃላፊው ዘንድ ገባች።

«ጋሼ፣ አራት ሳምንት የጻፍኩት ውሸት ነው። ትክክለኛው ይሄውና።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይሄ ከሥራ እንደሚያስወጣሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ብቻ ፊላው ዛሬ ይታጨድ።»

ማጨዱ በዚያው ቀን ተጀመረ። እሷም በሳምንቱ ተሰናበተች። ነጩን ጋውኗን አጣጥፋ ወደ ፊላው ወረደች።

«አስወጡሽ አሉ። በኔ ጦስ!» አለ።

«በራሴ ነው። ቻው ልልህ መጣሁ።»

ማጭዱን መሬት ላይ አኖረ። «አትሂጂ። ማለቴ... ከጣቢያው ሂጂ። ከኔ አትሂጂ። እወድሻለሁ።»

«ምንም አይሰማኝም እኮ። አሁን የምትለውን እንኳ ከግድግዳ ወዲያ ሆኜ ነው የምሰማው። እንዲህ ያለች ሴት ምን ታደርግልሃለች?»

«ፊላ በተተከለበት ዓመት እዚህ ግባ የሚባል ውሃ አያጠራም። ሥር እየሰደደ ነዋ! ሰው ግን ‹ሠራ ወይ? ሠራ ወይ?› እያለ ያደርቀኛል።»

«አንተስ ልታደርቀኝ ነው?»

«እኔ አልጠይቅሽም። እመጣለሁ፣ እቀመጣለሁ።»

«ፊላዎችህስ ምን ይላሉ?»

«እነሱ ጣውንት አይጠሉም።»

የከንፈሯ ጫፍ ትንሽ ነቃ አለ።

እሷ ትምህርት ቤት ገብታ ኬሚስትሪ ማስተማር ጀመረች። እሱ እሁድ እሁድ ቤቷ ይመጣል። ይቀመጣል፤ ስለ ጠጠርና ስለ ሥር ያወራል፤ ይሄዳል። እንዳለው አንድም ቀን አልጠየቃትም።

በስምንተኛው ወር፣ አብረው ዕቃ ሲያጥቡ፣ የእናቷ ሲኒ እጇ ገባ። ጆሮው ተሸርፏል። እናቷ ጣታቸውን እዚያ ስብራት ላይ ያሳርፉ ነበር። ጣቷን አሳረፈችበት። ከዚያ አለቀሰች፤ ጮክ ብላ፣ እንደ ሕፃን።

«አይዞሽ» አላለም፤ «በቃሽ»ም አላለም። ቧንቧውን ዘጋና አጠገቧ ቆመ።

ሲወጣላት፣ ባበጠ ዓይኗ ቀና ብላ አየችው።

«እሺ» አለች።

«ምኑን?»

«ያልጠየቅከኝን።»