የአይነኬው የመጨረሻ ካርድ

ሟቹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። የታፈነበት ትራስ እግሩ ሥር ወድቋል። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ ምንም አልተሰማትም። አምና ባሏን ከቀበረች ወዲህ ምንም ነገር ተሰምቷት አያውቅም፤ ሥራዋን ግን ትሠራለች።

ሰውየው በኢንተርኔት ፖከር እየተጫወተ ነበር የሚተዳደረው። ተጫዋቾቹ የሚያውቁት «አይነኬው» በሚለው የመግቢያ ስሙ ነው።

አለቃዋ በስልክ አጣደፋት። «ሐኪሙ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው ይላል። የጨዋታው መዝገብ ደግሞ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ገደማ እስኪሆን ድረስ ሲጫወት ያሳያል። ወንድሙ አራት ሰዓት ላይ ወጥቷል፤ ሚስትየዋ አራት ተኩል ላይ ከገበያ ገብታለች። ሌላ ማን ቀረ? እንባ እንኳን ጠብ አላላትም እኮ!»

«እኔም አላለቀስኩም ነበር» አለች መርማሪዋ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘሻት ነይ። ልጃቸውን አጎቷ ይወስዳታል።»

ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው። ወጥ ቤት የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ቆማለች። እናትየው አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ ትወለውላለች።

«በሩ ዝግ ከሆነ አልረብሸውም። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ልጠራው ገባሁ» አለች፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ሁሉ።

«አንቺስ ትጫወቻለሽ እህቴ?»

«ኧረ እኔ! ግን ስምንት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ሹራብ ስሠራ ሰምቼዋለሁ። ‹የያዝከው ካርድ ጥሩ ሆኖ ሊበላሽ የሚችል ከሆነ ዝም አትበል። ጨምርበት! ሌላው ቀጣዩን ካርድ በነፃ አይይ› ይላል። ወንድሙ ላይ ሁልጊዜ የሚጮኸው በዚሁ ነበር።»

መርማሪዋ ኮምፒውተሩን ከፍታ የመጨረሻውን ጨዋታ አነበበች። ተጫዋቹ ሁለት ንግሥት ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አሥር፣ ዘጠኝና አራት ወጥተዋል፤ ሁለቱ ቀይ ልብ ናቸው። እየመራ ነው፤ አንድ ሌላ ቀይ ልብ ከወጣ ግን ተቀናቃኙ አምስት ቀይ ልብ ሊሞላለትና ነገሩ ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። ተጫዋቹ ምንም ብር ሳይጨምር አሳለፈ። አራተኛው ካርድ ወጣ፤ አሁንም አሳለፈ። አራት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ቀይ ልብ ወደቀና ተበላ። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ወንድምየው ሳሎን ተቀምጧል። ጸጉሩን አዲስ ተቆርጧል፤ ከጆሮው ሥር ፕላስተር ተለጥፏል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ይሄ ታች ያለው ቀባጣሪ ነው የቆረጠኝ።»

ቀባጣሪ የተባለው፣ ምድር ቤት ሱቅ ያለው ጸጉር አስተካካይ፣ መርማሪዋ ወርዳ ይህን ስትነግረው ጨሰ። «እኔ? ሠላሳ ዓመት ምላጭ ይዤ ሰው አልነካሁም! ከጨርቁ ሥር እጁን ከትቶ ምን እንደሚነካካ እንጃ፤ ድንገት እንደ ፌንጣ ዘለለብኝ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«የሬዲዮው ስፖርት እንደጀመረ። አራት ከአርባ ላይ ነው የሚጀምረው፤ አንድ ቀን አምልጦኝ አያውቅም።»

መርማሪዋ ወደ ቤቱ ተመልሳ መስኮቱ ጋ ቆማ አሰበች። ጨዋታው ከየትኛው መሣሪያ እንደተካሄደ የሚገልጸው የፖከር ድርጅቱ ደብዳቤ ሦስት ቀን ይፈጃል። እንደ ልማዷ ብትጠብቅ ትመርጥ ነበር። ግን ወንድምየው ማምሻውን ልጅቷን ይዞ ወደሚኖርበት ከተማ ይሄዳል፤ ስልኩንም መንገድ ላይ አንዱ ቦይ ውስጥ ይጥለዋል። የያዘችው ጥሩ ነው፤ አንድ ቀን ከዘገየች ግን ይበላሻል። ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ተኩል ሆኗል። ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው ወንድምየውን ረጋ ብላ። «ሁለት ንግሥት ይዘሃል። ጠረጴዛው ላይ አሥር፣ ዘጠኝ፣ አራት፤ ሁለቱ ቀይ ልብ። ምን ታደርጋለህ?»

«አሳልፋለሁ፤ ሰው እንዳይሸሽብኝ» አለ ሳያስበው።

«ባልሽስ?»

«ይጨምር ነበር» አለች ሚስትየው። «ዓይኑን አያሽም።»

«እንግዲህ ስሙኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ‹ጨምር› እያለ የጮኸ ሰው ዛሬ ሁለት ጊዜ አሳለፈ። ስለዚህ የተጫወተው እሱ አይደለም። እሱ ካልተጫወተ ደግሞ ለአምስት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን ድረስ በሕይወት ነበር ያስባለን ነገር የለም፤ አራት ሰዓት ላይ፣ አንተ ከመውጣትህ በፊት ሞቶ ሊሆን ይችላል። በስሙ የሚገባ ሰው ከራሱ ስልክም መጫወት ይችላል፤ ጸጉር ቤት ወንበር ላይ፣ ከጨርቁ ሥር። ቀይ ልቡ ሲወድቅ የደነገጠ ሰው ይዘላል፤ ምላጭም ያገኘዋል። ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ።»

እጁ ወደ ኪሱ አልሄደም።

«የይለፍ ቃሉን ዛሬ እቀይረዋለሁ አለኝ» አለ ወንድምየው ወለሉን እያየ። «‹ስሜን አበላሸኸው፤ ከእንግዲህ በራስህ ስም ግባ› አለኝ። በራሴ ስም ስገባ ማን ከቁብ ይቆጥረኛል? ሰው የሚፈራኝ በሱ ስም ስቀመጥ ብቻ ነበር።» ቀና ብሎ ሚስትየዋን ሊያያት ሞከረ። «እትዬ...»

«አትጥራኝ» አለችው።

በሩ ላይ ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ይዘውት ወረዱ። መርማሪዋ ለአለቃዋ ደውላ በሁለት ቃል ጨረሰች። ቦርሳዋን ስታነሳ ሚስትየው በሩ ላይ አገኘቻት፤ ልጅቷን አቅፋለች።

«ያቺን የመጨረሻዋን ጨዋታ ተሸነፈ ሊሉት ነው?»

«አልተሸነፈም። የተጫወተው እሱ አይደለም።»

«እሱ ቢሆን ይጨምር ነበር።»

«ይጨምር ነበር።»

ሴትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ እንባዋም ያን ጊዜ መጣ። ልጅቷ በትንሽ መዳፏ የእናቷን ጉንጭ ትጠርግላት ጀመር። መርማሪዋ ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የራሷን እንባ ጠበቀች፤ አልመጣም። ቢሆንም አልተነሳችም።