የተቆረጠው ምዕራፍ

ስድስት ቅጠል ጠፋ።

የፓሌርሞ ቤተ መንግሥት ወሬውን የሰማው ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ ነው። ንጉሡ ከግብፅ ያስመጡት፣ ስለ ነፍስ የሚናገረው የአረብኛ መጽሐፍ መሀሉ በስለት ተቆርጧል። የጎደለው ሰኞ ሊተረጎም ተራው የደረሰ ምዕራፍ ነው።

መጽሐፍ ገልባጩ ሼህ ሳህኑን ወዲያው ታሰሩ። ሙስሊም ናቸው፤ አረብኛ ያነባሉ። ለፈራጆቹ ይኸው በቃቸው። ሰኞ ቀኝ እጃቸው እንዲቆረጥ ፈረዱ።

የዘበኞቹ አለቃ አልፋኖ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። እጅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። የቀረው አንድ ቀን ነው።

ወደ መጽሐፍ ክፍሉ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ከሳህኑን ሌላ መጀመሪያ መነኩሴውን አባ ቤርቶልዶን ጠየቀ።

"መጽሐፉን ይጠሉታል አሉ።"

"እጠላዋለሁ። እኔ ብሆን ሙሉውን ነበር እሳት የምከተው። ስድስት ቅጠል ምን ይሠራልኛል?"

አልፋኖ መጽሐፉን ይዞ ወደ እስር ቤት ወረደ።

ሳህኑን የተቆረጠበትን በጣታቸው ዳሰሱ። "ከምዕራፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ነው። አንዲት መስመር አላለፈም፤ የቆረጠው ሰው አንባቢ ነው። ታዲያ እኔ ነኝ በላ፣ ልጄ?"

"ወይም አላነብም ባይ።"

የቀረው የንጉሡ ፈላስፋ መምህር ቴኦባልዶ ነው። አረብኛ አንዲት ፊደል አላውቅም ብሎ በወንጌል ምሏል።

አልፋኖ ሳህኑንን በአረብኛ አንድ ወረቀት አጻፋቸውና እሑድ ከሰዓት በንጉሡ ፊት ለመምህሩ ዘረጋለት።

"የሽማግሌው ቃል ነው። ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ እጅ ጽሑፉን ግን ይለዩት ይሆን?"

ቴኦባልዶ ወረቀቱን ተቀበለ። ዓይኑ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ውሸታም ሽማግሌ! ከአልጋዬ ስር እንዴት ይገኛል? አቃጥዬው የለም እንዴ—"

አልፋኖ ወረቀቱን ለንጉሡ አቀረበ።

ወረቀቱ ላይ "ቅጠሎቹ ከመምህር ቴኦባልዶ አልጋ ስር ተገኙ" የሚል ብቻ ነበር የተጻፈው።

"ለምን?" አሉ ንጉሡ።

መምህሩ አንገቱን ደፋ። በፋሲካ ሰሞን ስለ ነፍስ ያሰማው ንግግር፣ ካባ ያሸለመውና ከንጉሡ ቀኝ ያስቀመጠው፣ ቃል በቃል ከዚያ ምዕራፍ የተወሰደ ነው። ትርጉሙ ሰኞ ቢነበብ ሁሉም ያውቅበታል።

"አረብ ያለው ነው ብል ማን ይሰማኝ ነበር?" አለ።

"ንጉሡ" አለው አልፋኖ። "ሊሰሙት አይደል እንዴ ከግብፅ ድረስ ያስመጡት?"

ቁልፉን ይዞ ራሱ ወረደ። ሰንሰለቱን ሲፈታላቸው ሳህኑን የቆሰለ የእጅ አንጓቸውን አሻሹ።

"ቅጠሎቹስ?"

"ተቃጥለዋል፣ ሼህ።"

ሽማግሌው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፍ ዘርጋ አድርገው ሞከሩ።

"በወጣትነቴ ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፤ ምዕራፉን በቃሌ አውቀዋለሁ። ቀለምና ወረቀት አምጡልኝ፤ ለነገ ይደርሳል።"