ከጥቁሩ በላይ ያለው ቀይ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ወልደተንሣኤ በገዛ ማተሚያ ቤታቸው፣ ፕሌት የሚባለው የማተሚያ ሰሌዳ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። እግራቸው ሥር ከሰሉ ዐመድ የሆነ ማንደጃ ነበር፤ በሩም ሳይወረወር ተዘግቷል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩና ከቅዳሜ ወዲያ የፈለጋቸው አልነበረም፤ ያገኛቸው የማሽን ሠራተኛው ፍቃዱ ነው። ጩኸቱን ሰምቶ የሰፈሩ ሰው ደጁ ላይ ተሰበሰበ፤ ፖሊስ ሳይደርስም ፍርዱን ሰጥቶ ጨረሰ። የከሰል ጢስ ነው ተባለ። ማን አቀጣጠለው ተባለ።

ያቀጣጠለችው ቤዛ ናት።

ቤዛ የማተሚያ ቤቱ ዲዛይነር ናት። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ለቅሶ ልትደርስ ወደ ደነባ ስትነሣ፣ ሽማግሌው በደብረ ብርሃን ብርድ እጃቸውን ሲያፋትጉ አየችና ከሰል አያይዛ እግራቸው ሥር አኖረችላቸው። «ተባረኪ ልጄ» አሏት። ከዚያ ስትወጣ በሩን ዘጋችው ወይስ ክፍቱን ተወችው? ክፍሉ መስኮት የለውም። ነፋስ እንዳይመታቸው ብላ ዘግታው ከሆነ ገድላቸዋለች ማለት ነው። ይህ ጥያቄ እህል አላስበላት፣ እንቅልፍ አላስተኛት አለ።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ማኅደረማርያም የምትባል የእነዋሪ ሴት ናት። ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው፤ ሰው ሲያናግራት እጁን የማየት ልማድ አላት።

«በሩን ዘግተሽው ነበር?» አለቻት ቤዛን።

«አላስታውስም። ዘግቼው ይሆናል። እኔ ነኝ መሰለኝ የገደልኳቸው።»

«እስቲ አትቸኩዪ። በ‹መሰለኝ› ሰው አይታሰርም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ክፍሉ ገብታ በሩን በላይዋ ላይ ዘጋችና ከውስጥ በአንድ ጣቷ ገፋችው። ያለምንም ችግር ተከፈተ። ከዚያ በውጭ በኩል ያለውን የብረት መወርወሪያ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። በነጭ ወረቀት ጠረገችው፤ ወረቀቱ ቀይ ሆነ።

«አቶ ፍቃዱ፣ ቅዳሜ ምን ቀለም ነው ያተሙት?»

«ጥቁር» አለ ፍቃዱ፣ ሠላሳ ዓመት በሙያው የቆየ ሰው ነው። «የአንኮበር አንድ ደብር የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ነው። ማሽናችን በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ ነው የምታትመው። ረቡዕ ቢጫውን፣ ሐሙስ ማጀንታ የምንለውን ቀይ፣ ዓርብ ሰማያዊውን፣ ቅዳሜ ጥቁሩን አሳረፍንና ስድስት ሰዓት ላይ ጨረስን። ማሽኑን አጥቤ፣ ጋሼን ተሰናብቼ ወጣሁ።»

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«ከጋሼ ሌላ እኔና ሥራ አስኪያጁ።»

ሥራ አስኪያጁ ሠረቀብርሃን የሟች የእህት ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሁለት ዓመቱ። ጥቁር ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

«እኔ የቢሮ ሰው ነኝ» አለ። «ማሽኑን ነክቼው አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ነበርኩ።»

ኢንስፔክተሯ ማሽኑ አጠገብ ወደተከመረው የተዥጎረጎረ ወረቀት ሄደች። «ይሄስ?»

«የሙከራ ወረቀት ነው» አለ ፍቃዱ። «ቀለሙ እስኪስተካከል ንጹሕ ወረቀት ከማባከን እሱን እንሰዳለን። አንዱ ወረቀት ለስንት ሥራ ይመላለሳል መሰለዎት!»

ከላይ ያለውን አነሣችው። ቢጫው፣ ማጀንታው፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ ተደራርበው የመስከረምና የጥቅምት ቀኖች ይታዩበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደማቅ ቀይ የጠርሙስ ልጣፍ ታትሞበታል፤ የልጆች ሳል ሽሮፕ ይላል። ፍቃዱ ዐይኑን አፈጠጠ። «ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» አለ።

ቤዛ ግን ዐወቀችው። ወረቀት የሚቆረጥበትን ቦታ የሚያሳዩት፣ ማእዘኑ ላይ የተሠመሩት ቀጫጭን ምልክቶች የእሷ ናቸው፤ ከከተማው እንደዚያ የሚያሳጥራቸው ሌላ የለም። ከመቁረጫው መስመር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያሳለፈችው የጀርባው ቀለም፣ ብሊድ የሚሉት፣ እሱም የእሷ ነው። ባለፈው ወር ነው የሠራችው። ይህን ግን ለኢንስፔክተሯ አልተናገረችም። ለዚህ ዝምታዋ ራሷን ጠላች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ማሽኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። የሙከራውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ከቤዛ ልጀምር። በሩ ሲገፉት ይከፈታል። ብትዘጊውም ኖሮ ጋሼ ጢሱ ሲያፍናቸው ገፍተው ይወጡ ነበር። ያልወጡት ከውጭ ስለተወረወረባቸው ነው። መወርወሪያው ላይ ያለው ቀለም ቀይ ነው፤ ቀይ የነካ እጅ ነው የወረወረው።»

«ቀይ ሐሙስም ታትሟል» አለ ሠረቀብርሃን።

«ታትሟል። አቶ ፍቃዱ፣ የሐሙሱን ቀይ በጣትዎ ይሹት።» ፍቃዱ የቀን መቁጠሪያውን አሸ፤ ጣቱ ንጹሕ ነው። «አሁን የልጣፉን።» ጣቱ ቀላ። «ምን ማለት ነው?»

ፍቃዱ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። «ማድረቂያ አልገባበትም። በዚህ አገር ብርድ ቀለም ውስጥ ማድረቂያ ካልጨመሩ በሳምንትም አይደርቅ። እኔ ሳልጨምር ማሽን አስነሥቼ አላውቅም።»

«አያችሁ! መወርወሪያው ላይ ያለውም ቀይ እንደዚሁ አልደረቀም። ልጣፉ ከጥቁሩ በላይ ነው ያረፈው፤ ስለዚህ የታተመው ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ያተመው ሰው ቀለም በዚህ አገር ብርድ ያለ ማድረቂያ እንደማይደርቅ የማያውቅ ነው፤ ስለዚህ አቶ ፍቃዱ አይደሉም። ቤዛ ቁልፍ የላትም፤ ደነባ ለቅሶ ቤት መዋሏንም አጣርቻለሁ። አቶ ሠረቀብርሃን፣ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡት።»

አላወጣም። «ልጣፉን የሠራው ማነው?» አለ ድምፁ እየሻከረ። «እዚህ ቤት የሚሠራ ዲዛይን ሁሉ ከቤዛ ኮምፒውተር ነው የሚወጣው። እሷ ናት! ፍቃዱ ነው ያተመላት! ሁለቱ ተመሳጥረው ነው!»

ፍቃዱ ቀና ብሎ ቤዛን አያት። ዝም ብትል እሱ ሊጠረጠር ነው፤ ብትናገር ራሷን ማስያዟ ነው።

«ሥራው የእኔ ነው» አለች። «ሠረቀብርሃን እውነተኛውን ጠርሙስ አምጥቶ ‹የደንበኛው ፋይል ጠፍቷል፣ እንዳለ ሥሪልኝ› አለኝ። ጋሼ እንዳያውቁ አለ። የመድኃኒት መሆኑን አይቻለሁ። ለምን እንዳይሰሙ እንደፈለገ መጠየቅ ነበረብኝ። ሥራው አማረልኝና ደስ ብሎኝ ተውኩት።»

ሠረቀብርሃን ግድግዳው ላይ ተደገፈ። እጁን ሲያወጣ ጥፍሩ ሥር ቀይ ነበር።

«ውስጥ መኖራቸውን አላወቅሁም» አለ። «ማሽኑን ሳስነሣ ሰምተው ወጡ፤ ልጣፉን አዩት። ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ ብለው ካፖርታቸውን ሊወስዱ ሲመለሱ ወረወርኩባቸው። ሥራዬን እስክጨርስ ብዬ ነው። በሩን ሲደበድቡ ሰምቻለሁ። ዝም ሲሉ... ዝም ሲሉ ተናደው ተቀመጡ ብዬ ነው። ስወጣ መወርወሪያውን ከፍቼላቸው ሄድኩ።»

ፍቃዱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

«ልጣፎቹ የት አሉ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ቅዳሜ ማታ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ሲና ሄደዋል። ቀለሙ አልደርቅ ቢል እዚያ እሳት አጠገብ አድርቀውታል፤ እስካሁን በሐሰተኛው ሽሮፕ ጠርሙስ ላይ ተለጥፈው ሱቅ ገብተው ይሆናል።»

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አወጣች። ሰዎቿን በየሱቁና በየመድኃኒት ቤቱ ልታሰማራ ነው። ደውላ ከጀመረች በኋላ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ወደ ቤዛ ዞረች። ቤዛ ጋሼን አልገደለችም፤ ይህን አሁን በእርግጥ ዐውቃለች፤ ግን ቅልል አላላትም።

«ቤዛ፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው በምን እንለየው? ለሰዎቼ ምን ብለን እንንገራቸው?»

ቤዛ ልጣፉን አየችው። ፊደሉን፣ ቀለሙን፣ ዳሩን አንድ በአንድ አየችው። አንዲት ስሕተት ፈለገች፤ እንደዚያ ቀን ስሕተት ፈልጋ አታውቅም።

«በምንም አይለይም» አለች። «በደንብ ነው የሠራሁት።»