በስሜ የተዛወረችው ግመል

ጓደኛዬ ሳዳ ስሜን ከጉባኤው ተናጋሪዎች ጋር ያስገባችው ሳትነግረኝ ነው።

«ሁሉም ወንዶች ናቸው» አለችኝ። «አንቺ ካልተናገርሽ እኔም አዳራሹን አልከፍትላቸውም።»

«ሳዳ፣ ድምፄን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ማይክ የተከራየነው።»

ዘመኑ 2008 ዓ.ም. ነበር። በጅግጅጋ ኮምፒውተር የተማርን ወጣቶች ተሰባስበን ስለ ኮምፒውተር ደህንነት የምንነጋገርበት ጉባኤ ልናዘጋጅ ነበር። ሳዳ «የሀከሮች ቀን» ብላ ሰየመችው። እኔ በአንድ የግል ኮሌጅ አስተምር ነበር፤ ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች ሁልጊዜ «ቲቸር ኬሪያ፣ አልተሰማም» ይሉኛል። አባቴ ሀከር ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ «በሩ በደንብ መዘጋቱን ገፍቶ የሚያይ ሰው» አልኩት።

«ዘበኛ ነው በይኛ» አለና ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ዐብዲራሺድን ያወቅኩት ለዝግጅቱ በተሰበሰብንበት ሻይ ቤት ነው። የሀርሺን አርብቶ አደሮች ልጅ ነው። ግመል የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ባለቤትነቱን በስልክ የሚያዛውርበት አገልግሎት ሠርቷል። የሀርሺን ግመል ባለቤቶች ማኅበር ሽማግሌዎች በጉባኤው ላይ ተገኝተው ያዩትና ይቀበሉት እንደሆነ ይወስናሉ። ሲያስረዳ እጆቹ አያርፉም፤ የሻይ ብርጭቆዎቻችንን እያሰለፈ ግመሎች አደረጋቸው።

«ስልኩ የጠፋበት፣ የምስጢር ቁጥሩንም የረሳ ሰውስ?» አልኩት።

ከማንም በፊት ሰማኝ። አልተሰማም አላለም።

«በሌላ ስልክ ይገባል። የአያቱን አያት ስም ይጠየቃል። አዲስ አበባ ቢሆን ስንቱ ይወድቅ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ማንበብ የማይችለው አባቴ እንኳ በእንቅልፉ ይመልሰዋል።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ከዚያ በኋላ ዐብዲራሺድ ወደ አባቴ ሱቅ መምጣት አዘወተረ። ሲመጣ ባትሪ ይገዛል። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ደብተር አርማለሁ፤ እሱ ባትሪውን እያገላበጠ ይቆማል። ብዙ አንነጋገርም። ሲወጣ አንዴ ዞር ብሎ ያየኛል፤ እኔም የማርመውን መስመር እንደገና ከመጀመሪያው አነበዋለሁ።

«ይህ ልጅ ባትሪ ይበላል እንዴ?» አለኝ አባቴ አንድ ቀን።

ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ለሶላት ሄዶ ሳለ ዐብዲራሺድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ የዘመድ ልጅ አስባልኛለች» አለኝ። «አባቶቿን የማናውቃት ልጅ ቤታችን አትገባም ትላለች።»

«አንተስ?»

«እኔማ ባትሪ እየገዛሁ ነው።»

ልስቅ ስል ሁለት የማይተዋወቁ አዛውንቶች ስኳር ሊገዙ ገቡ። አንዱ ሌላውን የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀው። ስማቸውን ከአባታቸው፣ አባታቸውን ከአያታቸው እያያያዙ ወደ ኋላ ቆጠሩ። ሶማሌዎች አብቲርሲ ይሉታል። አንድ አያት ላይ ሲገናኙ ተቃቀፉ፤ ስኳሩን ረስተውት እየተጫወቱ ወጡ።

ዐብዲራሺድ ፈገግ ብሎ ሸኛቸው። እኔ ግን ደነገጥኩ። የሁለቱንም የአያት አያት ስም አሁን አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ ባንኮኒ ላይ ስንቱን ሰምቻለሁ።

«ዐብዲራሺድ» አልኩት፣ «ሁሉም የሚያውቀው፣ አለማወቁም የሚያሳፍር ነገር እንዴት ምስጢር ይሆናል?»

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«የፈለገ ሰው ጠይቆ ግመል መውሰድ ይችላል።»

«በአባቶቹ ስም የሚሰርቅ ሰው እኛ ዘንድ የለም። ወገኔን ሌባ አደረግሽው።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«እንግዲያው መድረክ ላይ አሳዪኝ። በእኔ ስልክ ቁጥር፣ በእኔ ግመል፣ በአጎቴ ፊት። ሀርሺን አንዲት ነጭ ግመል አለችኝ። ከቻልሽ ውሰጃት።»

ባትሪውን ባንኮኒው ላይ ትቶት ወጣ። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ዝም ብል ሽማግሌዎቹ አገልግሎቱን ይቀበሉታል፤ እሱም ደስ ብሎት ወደ ሱቁ ይመለስ ይሆናል። ግን ውሎ አድሮ አንዲት ባልቴት ግመሏን ወደ ሌላ ሰው ስም ተዛውራ ታገኛታለች። ብናገር ደግሞ የለፋበትን ሥራ በዘመዶቹ ፊት አፈርሰዋለሁ። ሳዳን ስሜን እንድትሰርዝ ለመንኳት።

«ማይኩ አይነክስም» አለችኝ። «አንቺን የያዘሽ ማይኩ ነው ወይስ ልጁ?»

ስሜን አልሰረዘችውም።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ሞላ። አንዱ የምስጢር ቁጥር ስለመስበር፣ ሌላው በኢሜይል ስለሚመጣ ማታለያ ተናገረ። የሀርሺን ሽማግሌዎች ከፊት ተቀምጠዋል። መካከላቸው ያሉት ሽማግሌ ሁሉም «አጎቴ» ለማለት አዴር ኢሴ የሚሏቸው፣ የዐብዲራሺድ የእውነት አጎት ናቸው። እሱ አጠገባቸው ሆኖ ስልኩን ያያል እንጂ እኔን አያይም።

ስሜ ሲጠራ እግሬ ታዘዘልኝ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። ከኋላ አንዱ «አልተሰማም» አለ። ገና ምንም አላልኩም ነበር፤ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ድምፄም ያኔ ወጣ።

ስልኬ የሚያሳየው ሁሉ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ይታይ ነበር። ከመድረኩ ወርጄ በሱቅ በተማርኩት ሶማሊኛ ሽማግሌዎቹን ሰላም አልኩ።

«አዴር ኢሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው?»

አዛውንቱ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀጥ አሉ። «ዐብዲራሺድ ሂርሲ ነው። ሂርሲ ሮብሌ፣ ሮብሌ ዋይስ፣ ዋይስ ጉሌድ» እያሉ ቀጠሉ። ከጎናቸው ያሉት አብረዋቸው ቆጠሩ።

ከአፋቸው እየተቀበልኩ ደገምኩት፤ አንዱንም ሳልስት እስከ መጨረሻው አባት ደረስኩ።

«አልሳተችም» አሉ አዴር ኢሴ፣ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው።

ስልኬ ላይ የዐብዲራሺድን ቁጥር አስገብቼ የምስጢር ቁጥሬን ረስቻለሁ አልኩ፤ የአያቴን አያት ስም ሲጠይቀኝ «ጉሌድ» ብዬ ጻፍኩ። በሩ ተከፈተ። አዲስ የምስጢር ቁጥር ሰጠሁት፤ ነጯን ግመል መረጥኩ። የዐብዲራሺድ ስልክ ጮኸ። ግድግዳው ላይ «ግመሏ ወደ ኬሪያ ተዛውራለች» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አዴር ኢሴ ብቻ አልሳቁም።

«በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ?»

«አይደሉም፣ አዴር። እርስዎ የተናገሩት ሊኮሩበት የሚገባዎትን ነው። ስህተቱ፣ ሰው በኩራት የሚናገረውን ነገር ቁልፍ ማድረጋችን ነው። የምስጢር ቁጥር ለሚስትም፣ ለባልም አይነገርም።»

ማድረጋችን አልኩ። ማድረጉ ለማለት አንጀቴ አልቻለም።

ዐብዲራሺድ ተነሣ። በስብሰባው ሁሉ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ አተያይ ሱቁ በር ላይ ዞር ሲል የማውቀው ነበር።

«አዴር፣ አገልግሎቱን ዛሬ አትቀበሉት» አለ። «ኬሪያ ቀድማ ነግራኝ ነበር። የተሰደብኩ መስሎኝ አልሰማኋትም። ከተስማማች ግን አብረን እናስተካክለዋለን።»

ሽማግሌዎቹ ለትንሽ ጊዜ ተንሾካሾኩ። አዴር ኢሴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ትስማሚያለሽ?»

«እስማማለሁ» አልኩ። የኋለኞቹም ሰሙኝ።

«እንግዲያው ሁለቱ ሠርተው ሲያመጡት እንቀበለዋለን።»

«ግመሌስ?» አለ ዐብዲራሺድ።

«የአባቶቻችንን ስም ሳትስት ጠርታ የወሰደችውን ግመል እኔ አላስመልስም» አሉ አጎቱ።

ሶማሊኛ የሚሰሙት ሁሉ እልል አሉ። እኔ ሳዳ እስክትነግረኝ እልልታው ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

«ሞኝ» አለችኝ ጆሮዬ ላይ፣ «ሙሽራ የምትቀበለውን ስጦታ፣ መህርሽን፣ ራስሽ ወሰድሽ እኮ።»

የአያት አያት ስም ቀርቶ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የመረጠው የምስጢር ቃል ቁልፍ እንዲሆን አገልግሎቱን ስናስተካክል ክረምቱ አለፈ፤ ሽማግሌዎቹም ተቀበሉት። አዴር ኢሴ ለሽምግልና አባቴ ሱቅ በመጡ ጊዜ አባቴ ሁሉንም በጽሞና ሰማና፣ «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለ። «ያን ሁሉ ባትሪ ልጁ ምን አደረገው?»

ኒካ አስረን ከተጋባን በኋላ ዐብዲራሺድ ሀርሺን ወሰደኝ። እናቱ ሆዮ ኻድራ እጄን ይዘው፣ «የልጄን አባቶች ቁጠሪያቸው እስቲ» አሉኝ። ቆጠርኳቸው። ስጨርስ የእኔን አባቶች ጠየቁኝ፤ አራተኛው ላይ ቆምኩ።

«አይዞሽ» አሉኝ። «የቀሩትን አባትሽን ጠይቀን እንማራለን።»

ወደ ዐብዲራሺድ ዞርኩ። «አንተ ለራስህ የመረጥከው ቁልፍ ግን ምንድን ነው? እስካሁን አልነገርከኝም።»

«ለሚስትም አይነገርም ብላ መድረክ ላይ የተናገረችው ማን ነበረች?»

ነጯ ግመል ከጉረኖው ወዲያ፣ ሜዳው ላይ ከሌሎቹ ጋር ትግጥ ነበር። ሆዮ ኻድራ ስሟን በጆሮዬ ነገሩኝ። «ያንቺ ናት፤ ጥሪያት። ግን ሩቅ ናት፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»

አፌን ሞልቼ ጠራኋት። ግመሏ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ከመንጋው ተለይታም ወደ እኔ መጣች።