ዓይኗ ብቻ ቀርቷል

ሠዓሊዋ የሰው መልክ አትስልም ነበር። «ሰው ሲሳል ሆዱን ይስባል፤ አልቆ ሲያየው ደግሞ ‹እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?› ብሎ ያኮርፋል» ትላለች። የምትስለው ውሻና ድመት፣ አልፎ አልፎም በቀቀን ነው። ከፎቶ አትሠራም። እንስሳው ራሱ መጥቶ ፊቷ መቀመጥ አለበት። ዓይኑን ደግሞ ሁልጊዜ የምታስቀረው ለመጨረሻ ነው፤ ዓይን ከገባ በኋላ ሥዕሉን ዳግም አትነካውም።

የሥራ ክፍሏ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጋር የተያያዘች ናት። በመሃል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ እሷ ጋ የሚወራውን ሁሉ ይሰማሉ። መስማት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አስተያየትም ይሰጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የቀረበት ወጣት አንዲት ትልቅ ውሻ ታቅፎ ገባ። እሱ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ውሻዋ ግን ተመችቷት ክፍሉን ትቃኛለች።

«በእግሯ መሄድ አትችልም?» አለች ሠዓሊዋ።

«ትችላለች። ደረጃ አትወድም።»

«ደረጃው እኮ ይህችው አንዲት ናት።»

«እሱን ለእሷ ይንገሩልኝ።»

ሠዓሊዋ ሳቋ አመለጣት። እሱም ፈገግ አለና ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ሁለቱም ቶሎ ብለው ወደ ውሻዋ ዞሩ።

ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ውሻዋ የእናቱ ናት። እናቱ አልጋ ከያዙ ወዲህ ሌላ ከተማ፣ ታላቅ እህቱ ቤት ነው ያሉት። ሐኪሙ ከእንስሳ ፀጉር እንዲርቁ ስላዘዘ ውሻዋን ሊወስዱላቸው አልተቻለም። ዓይናቸውም ስለደከመ የስልክ ፎቶ አይታያቸውም። የፈለጉት ከአልጋቸው ትይዩ የሚሰቀል፣ ተኝተው ሲያዩት የሚውሉት ትልቅ ሥዕል ነው።

«‹ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሷን ነበር፤ አሁን የማየው ቁም ሳጥን ነው› ትላለች እናቴ» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ስሟ ማነው?»

«እሜቴ።»

«ለምን እሜቴ?»

«ትንሽ ቆይተው ያዩታል።»

እሜቴ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ዞር ዞር ብላ ተመቻቸችና ጀርባዋን ለሁለቱም ሰጥታ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሁለቱ ይመጡ ነበር። እሱ ከምድጃ የወጣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይይዛል። ዳቦ መብሰሉን የሚያውቀው ገልብጦ ሥሩን በጣቱ በማንኳኳት ነው፤ ሠዓሊዋንም አስተማራት። እሷ በተራዋ የውሻዋን የሸበተ አፍንጫ በስንት ዓይነት ነጭ እንደምትሠራው አሳየችው። ነጭ አንድ ብቻ ይመስለው ነበር። «ዱቄት ውስጥ እየኖሩ!» አለችውና ሳቀችበት።

ጣውላው ከወዲያ ማዶ ተንኳኳ። «እናንተ ልጆች» አሉ ልብስ ሰፊው፣ «አንቱ መባባሉን መቼ ነው የምትተዉት? እኔን እኮ ደከመኝ።»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀን በኋላ አንተና አንቺ ሆኑ።

ሥራው ሲያበቃ በዳቦ ማከፋፈያዋ መኪና ከከተማ ወጥተው ወደ አንድ ሐይቅ ይሄዱ ጀመር። እሜቴ መሃላቸው ትቀመጣለች። ከሐይቁ ዳር በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት አለች፤ ከእሷ ይገዙና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። አንዳንዴ አሳ ያስጠብሳሉ፣ አንዳንዴ ብርቱካን ይልጣሉ፤ አንዳንዴም ምንም ሳያደርጉ ይመሻል። ሩቅ አገር አይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ ከቤታቸው ትንሽ ወጣ ባለ ቦታ ይህን ያህል ደስታ ተቀምጦ ይጠብቀናል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

«ውሃው ምን ዓይነት ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«ሰማያዊ ነዋ።»

«ደህና አድርገህ እየው።»

ረጅም ጊዜ ትኩር ብሎ አየ። «ቡናማ ነው። እዚያ ጋ አረንጓዴ አለው። ሰማያዊ የሚባል ነገር የለበትም።» ወደ እሷ ዞረ። «እስከ ዛሬ ሲሸውዱኝ ነው የኖሩት ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ ውሃውን ትቶ እሷን አየ። እሷም አየችው።

ሥዕሉ እየተገባደደ ሄደ። ጆሮዋ አለቀ፣ ደረቷ አለቀ፣ ያ የሸበተ አፍንጫዋም አለቀ። ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ። የቀኝ ዓይኗ ጥቁር ቡናማ ነው፤ የግራው በእርጅና ፈዘዝ ብሏል። አንድ ቅዳሜ ሠዓሊዋ ቀጭኗን ብሩሽ አነሳች። ዓይኑ ዛሬ ካለቀ ሥዕሉ ይጠቀለላል፤ ልጁም ሥዕሉን ታቅፎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በምን ሰበብ ይመጣል? ያለ ሰበብ ይመጣ እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበራትም። ብሩሹን መልሳ አስቀመጠች።

«ዛሬ ብርሃኑ አይመችም» አለች።

ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። ዳቦ ጋጋሪው በመስኮቱ አየና «እውነትሽን ነው፣ ደብዘዝ ብሏል» አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሜቴ ወንበሩ ላይ ወጥታ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ወዲያም እንዲሁ ሆነ። በስሟ ቢጠሯት፣ ጆሮዋን ቢነኳት፣ ዓይኗን ወይ ፍንክች።

«እንቅልፍ አበዛች» ትላለች ሠዓሊዋ።

«እርጅና ነው» ይላል እሱ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ጉዳዩ እንዲህ እየተንከባለለ ሰነበተ። አንድ ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ እያሉ እናቱ ደወሉ። «ዓይኗ ብቻ ቀርቷል እማዬ» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «አዎ፣ የግራው ፈዘዝ እንደሚል ነግሬያታለሁ። አዎ፣ ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ።» ከስልኩ ውስጥ የእናቱ ሳቅ ተሰማ። ሠዓሊዋ ግን ያን ሳቅ ስትሰማ ዓይን ወደሌለው ሥዕል ዞረች። አንዲት በሽተኛ እናት ቁም ሳጥን እያየች ትጠብቃለች፤ እሷ እዚህ በቆሎ ትበላለች። የሚመጣው ቅዳሜ የፈለገው ይምጣ እጨርሰዋለሁ ብላ ቆረጠች።

ቅዳሜ መጣ፤ እነሱ ግን አልመጡም። ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል። መርዶውን የነገሯት ልብስ ሰፊው ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በግድግዳው ሳይሆን በበሩ ገቡ። «የልጁ እናት አርፈዋል» አሉና ከጎኗ ቆሙ።

ዳቦ ጋጋሪው ከሐዘን ሲመለስ ጉንጩ ጎድጉዷል። እሜቴን አላቀፋትም፤ ደረጃውን በእግሯ ወጥታለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሁለት ዓይኖቿን ወለል አድርጋ ሠዓሊዋን ታያለች።

«ዛሬ አልተኛችም» አለች ሠዓሊዋ።

«ዛሬ አልመገብኳትም።»

«ማለት?»

«ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ወተት ውስጥ ዳቦ እየነከርኩ እስክትጠግብ አበላት ነበር። ስትጠግብ እንደምትተኛ አውቃለሁ። ዓይኗን እንዳትስዪው ብዬ ነው። ካለቀ ወዲያ በምን ሰበብ እመጣለሁ ብዬ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ፍርስ ይሉ ነበር። ልብስ ሰፊውም ጣውላውን ይደበድቡት ነበር።

«እኔም» አለች ሠዓሊዋ። «ብርሃኑ ይመች ነበር። ያን ቀን ብርሃኑ በጣም ይመች ነበር።»

«ታላቅ እህቴ ምን አለችኝ መሰለሽ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «‹እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ያን ቁም ሳጥን ስታይ ነበር› አለችኝ።»

የሠዓሊዋ እጅ ወደ ብሩሹ ሄደ። «አሁን ልጨርሰው» አለች።

«አሁን ለማን?»

እጇን መለሰች።

አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ይታረቃል። አንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ ሄዱ፣ በቆሎውንም ገዙ፣ እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። «ካንቺ ጋ ስሆን አሁንም ደስ ይለኛል» አላት ዳቦ ጋጋሪው ውሃውን እያየ። «ደስ ሲለኝ ግን የሰረቅሁት ነገር ይመስለኛል። ከእናቴ ላይ የሰረቅሁት።»

«ከጊዜ ጋር ይቀል ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ፤ ግን እንዳላመነ ታወቃት። አትራቀኝ ልትለው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። እናቱን ያስረሳችው እሷ ሆና ሳለ፣ አሁን ደግሞ ሐዘኑን እርሳ ልትለው አልቻለችም። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ እሜቴን ይዞ ሄደ። ሥዕሉን አልጠየቀም፤ እሷም ላምጣልህ አላለችም። ቆይታ ቆይታ ታለቅስ ነበር፤ ልብስ ሰፊው ያኔ የስፌት መኪናቸውን ጠንከር አድርገው ይረግጡላታል፣ ለቅሶዋ እንዳይሰማ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ጎልማሳ ሴት ገባች። ውሻም ድመትም አልያዘችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ዓይን የሌለውን ሥዕል ስታይ ባለችበት ቆመች።

«እህቱ ነኝ» አለች። የማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገም።

ሠዓሊዋ ወንበር ሳበችላት። ሴትየዋ ተቀምጣ የቦርሳዋን ማንገቻ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች።

«እናቴ ታውቅ ነበር» አለች። «አንድ ቀን ‹ዓይኗ ብቻ ቀርቷል› ብሏት ስልኩን ከዘጋች በኋላም ሳቀች። ‹ልጄ ሴት አግኝቷል፤ ሁለት ዓይን ለመሳል ይህን ያህል አይፈጅም› አለችኝ። እኔ ተቆጣሁ፣ ልደውልና ልናገረው አልኳት። ‹ተዪው፣ አታጣድፊው› አለች። ‹እሜቴን እንደሆነ በልቤ አውቃታለሁ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ግን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷን ይያዛት› አለች።»

ከጣውላው ወዲያ የስፌት መኪናው ቆመ።

«ይህን አልነገሩትም» አለች ሠዓሊዋ።

«አልነገርኩትም። የማገላብጣት እኔ፣ የማጥባት እኔ፤ እሱ ሐይቅ ዳር ይዝናናል። እናቴ ስትሞት ሆዴ በግኖ ነበር። ስለ ቁም ሳጥኑ ብቻ ነገርኩት።»

«ውሸት ነበር?»

«አልነበረም። ቁም ሳጥኑንም ታይ ነበር።» ሴትየዋ ዓይኗን ጠረገች። «ያው አሁን ሚስት አግብቷል፤ ልጅም ወልዷል። ግን የእናታችን ስም ሲነሳ ከቤት ይወጣል። ለልጁ እንኳ አያቱን አያወራለትም። ልነግረው ነው። አንቺን ሳላይ ግን ልነግረው አልሆነልኝም።»

ሠዓሊዋ ዓይን የሌለውን ሥዕል ቀና ብላ አየችው። ሁሉንም ቢሰማ ጥፋቱ ይነሳለታል፤ በጥፋቱ ምትክ ግን በከንቱ መለያየታቸውን ያውቃል።

«ሚስቱ ጥሩ ናት?»

«ጥሩ ናት። ትወደዋለች።»

«ይንገሩት» አለች ሠዓሊዋ። «‹እናታችን አልተቀየመችህም፤ አታጣድፊው ብላኝ ነበር፤ ድምፅህን ሰምታ ደስ ብሏት ነበር› ይበሉት።»

«የቀረውንስ?»

«‹ልጅቷን ይያዛት› ያሉትን ይተዉት።»

ሴትየዋ ትክ ብላ አየቻት። «አንቺስ ታዲያ?»

«እኔማ ሰማሁ» አለች ሠዓሊዋ።